ጥቁሩ ጨርቅና የተሰፋው ጫማ፦ የባሌ የጉዞ ማስታወሻ

አንደኛ ቀን

የኅዳር መጀመሪያ ነው። ዝናቡ አቁሟል። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። የአርሲ ገብስና ስንዴ ቢጫ ሆኗል። ለፎቶግራፍ ከዚህ የተሻለ ወር አላውቅም።

አንድ ዓይነት ፎቶ ብቻ እያነሱ መኖር ለእኔ አልሆነልኝም። አንዱ ወር መንገድ ላይ ያልፋል፣ አንዱ አውሬ ስጠብቅ፣ አንዱ የሰው ፊት ሳነሳ። ጓደኞቼ "አንዱን ያዝ" ይሉኛል። ሦስቱንም በአንድ ሳምንት የሚሰጠኝ ቦታ ግን አለ፤ ባሌ ነው። ጊዜና ገንዘብ በተገጣጠሙልኝ ቁጥር እሄዳለሁ።

ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ። ሁለት ካሜራ። ለአውሬ 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ለሰው ፊት 85። ስድስት ባትሪ። መዳፍ የምታክል ፎቶ የምታትም ትንሽ ፕሪንተር። እና ሁለት ሜትር ጥቁር ጨርቅ። ይህ ጨርቅ ሦስት ዓመት ከእኔ አልተለየም። ከሰው ጀርባ እሰቅለዋለሁ። ግርግሩ ሁሉ ይጠፋና ፊት ብቻ ይቀራል። የምወዳቸው ፎቶዎቼ አብዛኞቹ እሱ ፊት የተነሱ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የተጠነቀቅኩለት ግን አንድ ካኪ ፖስታ ነው። ውስጡ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ሐረና ጫካ አፋፍ ላይ፣ ሪራ በምትባል መንደር ነው ያነሳኋቸው። ንብ አናቢ ናቸው። "አሳትሜ አመጣልዎታለሁ" አልኳቸው። ይህን ፎቶ አንሺ ሁሉ ይላል። የገጠር ሰው ይህን ቃል ስንቴ ሰምቶ ስንቴ እንደቀረበት ሳስብ ይከብደኛል።

ከአዲስ አበባ አዳማ፣ ከአዳማ አሰላ። አሰላን ካለፉ በኋላ ጭላሎ በግራ በኩል ደንደን ብሎ አብሮ ይሄዳል። ሲመሽ በቆጂ ገባሁ። ብርድ አለ። ሁለት ብርድ ልብስ ጠይቄ ተኛሁ።

ሁለተኛ ቀን

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሜዳው ላይ ነበርኩ። በቆጂን የማያውቅ የለም። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከዚሁ አካባቢ ነው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሜዳ ላይ በየማለዳው የሚሮጥ ወጣት አልጠፋም።

ባህር ዛፉ መሀል ጉም አለ። መጀመሪያ ኮቴ ይሰማል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ከዚያ ሰው ይመጣል። አሠልጣኙን አስፈቀድኩ። ልምምድ እስኪያልቅ ካሜራዬን አላወጣሁም።

አንዲት ወጣት ሯጭ ፈቀደችልኝ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁሩን ጨርቅ አጥር ላይ ሰቀልኩ።

"ቶሎ በል፣ ሰውነቴ ይበርዳል" አለችኝ።

ፀሐይዋ ገና ከዛፎቹ ጀርባ ብቅ ማለቷ ነበር። ከትከሻዋና ከአንገቷ እንፋሎት ይነሳል። ብርሃን ከኋላ ሲመታው፣ ጀርባው ጥቁር ሲሆን፣ እንፋሎት ጎልቶ ይወጣል። ነጭ ግድግዳ ፊት ብትቆም አይታይም ነበር። አሥራ አምስት ያህል አነሳሁ። በአሥራ አንደኛው ላይ ዓይኗን ጨፍና ትልቅ ትንፋሽ አወጣች። እሱ ነው ፎቶው።

ካሜራው ላይ አሳየኋት። ወደደችው። ከዚያ ስክሪኑን በጣቷ ወደ ታች ለማንቀሳቀስ ሞከረች።

"ጫማዬስ? አይታይም?"

ጫማዋን ያኔ ነው ያየሁት። ግራው ጎኑ ላይ ተቀዶ በወፍራም ቀይ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ የጫማ ሰፊ አይደለም፤ የራሷ ነው። "ሁለት ዓመት ሮጬበታለሁ። ሦስቴ ነው የሰፋሁት" አለች። ተንበርክኬ ጫማውን አነሳሁላት። እውነቱን ለመናገር እሷን ደስ ለማሰኘት ያህል ነው ያነሳሁት። የፊቷን ፎቶ በትንሿ ፕሪንተር አትሜ ሰጠኋት። ጃኬቷን ደርባ ሮጠች።

ከዚያ መንገድ ነው። ዶዶላ፣ አዳባ። አዳባ አካባቢ ፈረሰኞች ይበዛሉ። ሰውዬው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፈረሱ በባለ ቀለም ክር አጊጦ ዳር ዳሩን ይመጣል። ከመኪና መስኮት አላነሳም። አቁሜ፣ ወርጄ፣ ሰላም ብዬ፣ እሺ ካለኝ ነው። ስለዚህ ብዙ ፈረሰኛ አምልጦኛል።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መግቢያውን ከፍዬ፣ አስጎብኚ ይዤ ከሰዓት በኋላ ጥዱና ኮሶው መሀል በእግር ገባን።

ሩብ ሰዓት ሳንሄድ ደጋ አጋዘን ቆሟል። ወንድ። ቀንዱ ዙሮ ዙሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ ነጣ ያለ ነው። ጉንጩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ። ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም የለም። ሳይንስ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ይህን የሚያክል እንስሳ እስከዚያ ድረስ ከአገሬው በቀር የሚያውቀው አልነበረም ማለት ነው። ዲንሾ ላይ ሰው ስለለመዱ ረጅም ሌንስ እንኳ ብዙም አያስፈልግም። ሣር ነጭቶ ቀና አለ። የሣሩ ፍሬ ከከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አነሳሁት። አልሮጠም።

ማታ ፎቶዎቹን ላፕቶፕ ላይ ገለበጥኩ። የሯጯ ፊት ጥሩ ነው፤ እንፋሎቱም ያምራል። ዓይኔ ግን ጫማው ላይ ይመለሳል። ቀይ ክር፣ የደረቀ ጭቃ፣ ጠርዙ ላይ የተጣበቀ የባህር ዛፍ ቅጠል።

ሦስተኛ ቀን

በሮቤና በጎባ በኩል ወደ ሳነቲ ከፍተኛ ሜዳ ወጣን። መንገዱ ከጎባ ተነስቶ ሳነቲን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው ነው። ጥዱ ያልቃል፣ አስታው ይመጣል፣ እሱም ያጥራል። ከዚያ ድንገት ጣራ ላይ እንደወጣ ሰው ትሆናለህ። 4 ሺህ ሜትር። ቱሉ ዲምቱ ከፊት ለፊት ይታያል፤ 4,377 ሜትር ነው፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው።

ጅብራዎቹ ተበታትነው ቆመዋል። ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖርና አንድ ጊዜ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። የቆመውና የደረቀው ጎን ለጎን ነው። ቁመቱን ለማሳየት ሰው አጠገቡ ማቆም ይቀናኛል፤ ዛሬ ግን ብቻውን አነሳሁት።

ቀኑ ግን የእኔ አልነበረም። ራሴን አመመኝ። እዚህ ከፍታ ላይ ሁለት እርምጃ ፈጠን ካልክ ልብህ ጆሮህ ውስጥ ይመታል። ረፋድ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ሰማንያ ሜትር ያህል ላይ አየን። ቸኮልኩ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። በሩ ሲዘጋ የሰማው ቀበሮ ዞሮ አየኝና ሄደ። አልሮጠም፤ ሄደ። ጀርባውንና ጥቁሩን ጭራ ነው ያነሳሁት።

አስጎብኚዬ እዚሁ ዲንሾ ተወልዶ ያደገ ነው። አልተቆጣኝም። "እሱ ሥራ ላይ ነበር" ብቻ አለ። ይህ ቃል ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

ስለ ባትሪ አንድ ነገር ልበል። ብርድ ባትሪን ይበላል። ማለዳ ሙሉ የነበረው ረፋድ ላይ ቀዩን ያሳይሃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ አስቀምጠው። የወጣውንም አትጣለው፤ ሲሞቅ ትንሽ ይመለሳል። ማታ ጎባ ላይ ደግሞ ካሜራውን ሞቅ ያለ ክፍል ከማስገባቴ በፊት ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስሬዋለሁ። አለበለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይወርዳል። አንድ ዓመት ይህን ባለማወቄ ሌንሴ ውስጥ ሻጋታ ገብቷል።

አራተኛ ቀን

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ሳነቲ ስንደርስ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ዛሬ ከመኪና ርቀን ሄደን፣ አንድ ድንጋይ ሥር ተቀመጥን። ዝም አልን።

አስጎብኚው በእጁ አንድ አቅጣጫ አሳየኝ። "ጉድጓዳቸው ወዲያ ነው። አንሄድም።" ግልገል የሚወለደው በዚህ ሰሞን ነው። ሰው ከቀረባቸው ግልገሎቹን አንስተው ሊያዛውሩ ይችላሉ። የግልገል ፎቶ የማይመኝ አንሺ የለም። እኔም እመኛለሁ። ቢሆንም ስለ ጉድጓዱ ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ፊታችን ያለው መሬት ወንፊት ነው። የፍልፈል ጉድጓድ ሞልቶታል። ይህ ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም አይገኝም። ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ አናት ላይ ናቸው። ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አፈሩን ገፍቶ ዓይኑን ብቻ ያወጣል። ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል። ከዚያ ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ በፍጥነት ሣር ይሰበስብና ወደ ኋላ ይገባል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ትቆማለች። እሱ የቆፈረው አፈር ውስጥ ትል ትለቅማለች። እሷ ድንገት ስትነሳ እሱም ይገባል።

ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ቀበሮው መጣ። ቀይ ነው፤ ጉሮሮው ነጭ። ረጅም እግር፣ ቀጭን አፍ። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል፤ አደን ግን በቀን፣ ለየብቻው ነው የሚወጣው። የአፉ ቅጥነት ለዚሁ ለጉድጓድ ሥራ ነው። አንድ ጉድጓድ አጠገብ ደረሰና ሆዱ መሬት እስኪነካ ዝቅ አለ። አንድ እግሩን አነሳ። እንደተነሳ ቀረ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

ሹተሩን ድምፅ አልባ አድርጌዋለሁ። 1/2000 ሰከንድ። ዘለለ። ጫንኩ። ጭንቅላቱን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ በፊት እግሮቹ አፈሩን ወደ ኋላ ረጨው። ፍልፈሉ አመለጠ። እኔም አመለጠኝ፤ ፎከሱ ከፊቱ ያለው ሣር ላይ ነበር። ሃያ ስድስት ጥርት ያሉ የሣር ፎቶዎች አሉኝ።

ግን አልሄደም። ቀና አለና ወደ እኛ ዞረ። ሠላሳ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። አፍንጫው እስከ ዓይኑ ድረስ በጥቁር አፈር ተሸፍኗል። አንድ የሣር ሥር ጺሙ ላይ ተንጠልጥሏል። አየን፣ አየን፣ ከዚያ ቁብ ሳይሰጠን ወደ ሌላ ጉድጓድ ቀጠለ። ያን ፊት ሦስት ጊዜ አንስቼዋለሁ። ሦስቱም ጥርት ብለዋል። ሁልጊዜ የምመኘው ንጹሕ ፀጉር፣ ወርቃማ ብርሃን፣ የደበዘዘ ጀርባ ነበር። አፈር የለበሰ አፍንጫ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ አላሰብኩም። ከዓመታት የአውሬ ፎቶዎቼ ሁሉ ይበልጥብኛል።

አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ከ500 አይበልጡም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ባሌ ናቸው። ይህን ቁጥር ቤት ሆኖ ማንበብና አንዱን ፊት ለፊት እያዩ ማሰብ አንድ አይደለም። ትልቁ ጠላታቸው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ። አንድ ጊዜ ከገባ ቤተሰቡን እንዳለ ይጨርሳል። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት በሌሊት እየተበተነላቸው ነው። ለመንደር ውሾችም ይከተባል። እረፍት ላይ ያገኘነው አንድ ጎልማሳ እረኛ ውሻው ተከትቦ እንደሆነ አስጎብኚው ጠየቀው። እረኛው ውሻውን አንገቱን ይዞ "ይኸው፣ ባለፈው ተወግቷል" አለ። እረኛውን ከነውሻው አነሳሁት። ጨርቁን ከቦርሳ ለማውጣት እጄ ሄዶ ነበር። ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ እንደ ችቦ የቆመውን፣ ከታች ቢጫ ከላይ ቀይ የሆነውን አበባ ፍለጋ ሄድን። በ2017 ዓ.ም ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮዎች የዚህን አበባ ማር ሲልሱ እንደሚታዩ ጽፈዋል፤ አንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ። አፋቸው የአበባ ዱቄት ይለብሳል፤ ምናልባት እንደ ንብ ያዳቅሉት ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ሥጋ በል እንስሳ አበባ ሲልስ! የእረኛ ልጆችም እንደሚመጡት አስጎብኚው ነገረኝ። እሱም በልጅነቱ መጥጦታል። ወቅቱ እያለፈ ስለሆነ አብዛኛው ረግፏል። እኔም አንዱን ቀመስኩ። ይጣፍጣል። ቀበሮ ሲልስ ግን አላየሁም።

አምስተኛ ቀን

ከሳነቲ ወደ ደቡብ መውረድ እንደሌላ አገር መግባት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአመዳይ ወደ ጉም፣ ከጉም ወደ ጫካ። ዛፎቹ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ሐረና ነው። ታች ድረስ ብትወርድ ቡና ዱር ለዱር ይበቅላል፤ አንበሳም አለ። እኔ ግን ዘንድሮ ለአንበሳ አልመጣሁም።

ሪራ ደረስን። ሽማግሌውን ጠይቀን አገኘናቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። አስጎብኚው ጎንበስ ብሎ "ኦቦ" እያለ በኦሮምኛ ሰላምታውን አስረዘመው። እኔን አስታወሱኝ። ወይም ያስታወሱኝ መሰሉ። ቡና ተፈላ። ፖስታውን ያወጣሁት ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነው።

ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወደ ብርሃን ዞሩ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ልጆች ተሰበሰቡ፤ የልጅ ልጃቸው ጢማቸውን በጣቷ ነካች። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር አሉና አስጎብኚው ወደ እኔ ዞረ።

"ሌሊት ነው እንዴ ያነሳኸኝ? ይላሉ።"

ጠዋት 2 ሰዓት ነበር ያነሳኋቸው። ጥቁሩ ጨርቅ ፊት።

"ጨርቅ ነው፣ ከኋላ የሰቀልኩት" አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። መልሰው ገለበጡት።

"ፊቴ ነው። አመሰግናለሁ፣ ልጄ። ግን ቀፎዬ የታለ? ዛፉስ? ይህን ያየ ሰው ማን እንደሆንኩ በምን ያውቃል?"

ክፉ ቃል አልነበረም። በእርጋታ ነው የጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። የምወደው ፎቶ ነው፤ እስከ ዛሬ ላየው ሰው ሁሉ በኩራት ሳሳየው ኖሬአለሁ። ከሥሩ "ንብ አናቢ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ያንን ጽሑፍ ብታነሱት ግን እውነትም ማንም ሰው ናቸው።

"ነገ ቀፎ እሰቅላለሁ። ከፈለግህ ና" አሉኝ።

ስድስተኛ ቀን

ማለዳ አብረን ጫካ ገባን። ቀፎው እንደ በርሜል ክብና ረጅም ነው። አንድ ወጣት ተሸክሞታል፤ ልጃቸው ነው። ሽማግሌው ትናንት ሲገምዱት የነበረውን ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። ቀፎ እዚህ የሚሰቀለው ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ነው፤ ማር የሚወድ አውሬ እንዳይደርስበት።

ከዛፉ ሥር ቦርሳዬን ስከፍት ጥቁሩ ጨርቅ ከላይ ነበር። ሽማግሌው አዩት። እጃቸውን አወናጨፉ።

"መልሰህ ክተተው! ንብ ጥቁር አትወድም" አለኝ አስጎብኚው፣ እየሳቀ። እውነት ነው፤ ንብ ስትቆጣ ጥቁር ነገር ላይ ነው ቀድማ የምትሄደው። ሌሎች ቀፎዎች ከራሳችን በላይ ተሰቅለዋል፤ ይጮኻሉ። ጨርቁን ጠቅልዬ ከታች ቀበርኩት። ጥቁር ጃኬቴንም አወለቁኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ።

በ85ቱ አይሆንም። ከመኪናዬ 24 ሚሊ ሜትር የሆነች የቆየች ሌንስ አመጣሁ። ልጁ ወጣ። ሽማግሌው ከታች ገመዱን ይዘው ቀፎውን ሽቅብ ይስባሉ። እግራቸውን ሥሩ ላይ ተክለው፣ ወደ ኋላ ተለጥጠው። የእጃቸው ጀርባ ላይ ያለው ደም ሥርና ገመዱ አንድ ዓይነት ነው። ቀፎው በጉሙ ውስጥ ከራሳቸው በላይ ይወዛወዛል። ፊታቸው ወደ ላይ ነው፤ አፋቸው በትንሹ ተከፍቷል፤ ልጃቸውን እየጠሩ ነው። ፊታቸው በፍሬሙ ውስጥ ከአንድ ጥፍር አይበልጥም። እሳቸው ግን መሆናቸው አያጠራጥርም።

አርባ ያህል አነሳሁ። ሲጨርሱ ካሜራውን ሰጠኋቸውና አንድ በአንድ አዩ። በጣታቸው እያሳዩ ለአስጎብኚው ነገሩት፤ ይህ ዛፍ አባታቸው የሰቀሉት ቀፎ ያለበት ነው፣ ያ ቀፎ የወንድማቸው ነው፣ ይህ ቅርንጫፍ ባለፈው ክረምት ነው የተሰበረው። አንዱ ላይ ቆሙ። "ይህን" አሉ። ትንሿ ፕሪንተር ከብርዱ የተነሳ ሁለቴ እምቢ አለች፤ ደረቴ ውስጥ አሙቄያት በሦስተኛው አተመች። ትልቁን ለጎባ በሚወርድ ሰው እልካለሁ፤ እንዴት እንደሚደርሳቸው ከልጃቸው ጋር ተነጋግረናል።

የድሮውንም ፎቶ አልመለሱልኝም። ባለቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ሰባተኛና ስምንተኛ ቀን

ቀኑን ሙሉ ስነዳ ዋልኩ። በቆጂ ስደርስ መሽቷል።

በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ የጫማውን ፎቶ አትሜዋለሁ። ሯጯ አልነበረችም። የዕረፍት ቀኗ ነው አሉኝ። ስሟን ጽፌ አልያዝኩም ነበር፤ ይህም የእኔ ጥፋት ነው። ከልምምድ የተመለሱ አራት ልጆች ከበቡኝ። የማን ጫማ እንደሆነ ልገልጽላቸው አፌን ስከፍት፣ አንደኛዋ ፎቶውን ከእጄ ወሰደች። ቀዩን ክር አየች።

"የእሷ ነው!" አለች ለጓደኞቿ። ሌሎቹም ተጠግተው አዩና አዎ፣ የእሷ ነው አሉ። ልጅቷ ፎቶውን እንዳይጨማደድ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው። "እኔ አደርስልሃለሁ" ብላኝ ወደ ከተማው ሮጠች።